ልጃችሁ የያዘውን ጨዋታ ማን ሠራው?

በእኛ በሲናና በኩል ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ዝናቡና ስለ ስንዴው ነበር። አሁን አሁን ግን ወላጆች ሲያገኙኝ ሰላምታው ሳያልቅ፣ “ሲስተር፣ ልጄ ስልኩ ላይ ተጣብቆ ይውላል፤ ምን ይሻለኛል?” ይሉኛል። ሮቤ ገበያ ላይ ይህን እሰማለሁ፤ ጎባ ለቅሶ ቤት ተቀምጠንም ይህንኑ እሰማለሁ።

እኔም መልሼ፣ “ምንድን ነው የሚጫወተው?” እላለሁ። “ጌም ነዋ!” ይሉኛል። ከዚያ አልፎ የሚነግረኝ ሰው ጥቂት ነው። በነርስነት ሙያ ሰው መጥቶ “አመመኝ” ሲል የት እንዳመመው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደበላ ሳይጠየቅ መድኃኒት አይሰጠውም። ጨዋታም እንደዚሁ ነው። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራውና ከልጁ ምን እንደሚፈልግ ሳናውቅ “ዝጋው!” ብንል፣ ልጁ ለጊዜው ይዘጋዋል፤ ዞር ስንል ይከፍተዋል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ዓይነት ጨዋታ ላጫውታችሁ፤ ስለ ትንንሾቹ የእንቆቅልሽ ጨዋታዎች። እነዚህ ስልክ ላይ መጫን የለባቸውም። ጎግል በምንከፍትበት በብራውዘር፣ ለምሳሌ በክሮም፣ አድራሻቸው ሲጻፍ ይከፈታሉ። ቃል መገመት፣ ቁጥር ማጋጠም፣ ሥዕል ቦታ ቦታውን ማስያዝ ነው ሥራቸው። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን የሚሠራቸው ትልቅ ኩባንያ አይደለም። ቤቱ ተቀምጦ፣ ቅጥር ሳይኖረው፣ በራሱ ጊዜ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ሲሠራ የወሰነው ውሳኔ ልጃችን በጊዜ መተኛቱንና አለመተኛቱን እስከመወሰን ይደርሳል።

ለአንዲት ሴት የተሠራ ጨዋታ

ጆሽ ዋርድል ዌልስ ውስጥ ያደገ፣ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ይኖር የነበረ ፕሮግራመር ነው። የሕይወት አጋሩ ፓላክ ሻህ የቃላት ጨዋታ ትወድ ነበርና ለእሷ ብሎ አንድ ጨዋታ ሠራ። ስሙን ከራሱ የአባት ስም አጣምሞ “ዎርድል” አለው። ሕጉ ቀላል ነው። ባለ አምስት ፊደል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተደብቋል፤ ተጫዋቹ ስድስት ጊዜ ይገምታል። ፊደሉም ቦታውም ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ፊደሉ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ፣ ጭራሽ ከሌለ ግራጫ ይሆናል።

የፓላክ ድርሻ ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በእንግሊዝኛ ባለ አምስት ፊደል ቃላት ወደ 12,000 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹን ተራው ሰው አያውቃቸውም። እሷ አንድ በአንድ እያየች ሰው የሚያውቃቸውን 2,500 ያህል ለየች። እኛ ስንዴ በሰፌድ እንደምናበጥረው ማለት ነው። ኮምፒውተር አንድን ቃል ሰው ይወቀው አይወቀው ሊፈርድ አይችልም ነበርና ይህ የሰው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ጨዋታውን የተጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2022፣ 300,000 ደረሱ። በሳምንቱ ከ2 ሚሊዮን በለጡ። በዚያው ወር መጨረሻ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው።

ጨዋታውን ለእኛ ለወላጆች ትምህርት የሚያደርገው ሰውየው ሳይጨምርበት የቀረው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ማስታወቂያ አልነበረውም። ስልክ እያንጫረረ “ና ተጫወት” አይልም ነበር። በቀን የሚሰጠው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ለዓለም ሁሉ ያው አንድ ቃል። ጥቂት ደቂቃ ተጫውተህ ሲያልቅ ያልቃል፤ ነገ ተመለስ ይልሃል። ሠሪው ሆነ ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው። የሰውን ጊዜ መውሰድ አልፈለገም።

ሌላም ነገር አለ። ሰዎች ውጤታቸውን በቀለም ሣጥን ለዘመድ መላክ ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 2022 በአሜሪካ ቺካጎ አቅራቢያ አንዲት የ80 ዓመት አዛውንት ቤታቸው በገባ ሰው ታግተው አደሩ። ሩቅ ከተማ ያለችው ልጃቸው እናቷ በየቀኑ የሚልኩላት የዎርድል ውጤት ሲቀርባት ደነገጠች፤ ፖሊስ ተጠርቶ ሴትየዋ በሕይወት ተገኙ። እኛ አገር ጎረቤት ጠዋት ለቡና ካልመጣ “ምን ሆኑ?” ተብሎ በር ይንኳኳል። እዚያ ደግሞ በሩን ያስንኳኳው ያች ትንሽ ጨዋታ ሆነች።

የማያልቀው ጨዋታና የሚበላው “ጨዋታ”

አሁን ይህን ልጃችሁ ከያዘው ጋር አስተያዩት። ብዙዎቹ ነጻ የሚባሉ ጨዋታዎች ማለቂያ የላቸውም። አንዱን ደረጃ ሲጨርስ ሌላው ይከፈታል። ሲሸነፍ “ማስታወቂያ ተመልከትና ቀጥል” ይሉታል። አንድ ቀን ከቀረ የሰበሰበው ሽልማት ይቃጠልበታል። ገቢያቸው ልጁ በቆየበት ደቂቃ ልክ ነውና እንዲነሣ አይፈልጉም። ልጁ መነሣት ቢያቅተው ስንፍና ብቻ አድርገን አንየው፤ እንዳይነሣ ተብሎ የተሠራ ነገር ነው የያዘው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም የከፋ ነው። መልኩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አውሮፕላን ሲወጣ ያሳያል፣ ዕንቁ ያንከባልላል፣ ሣጥን ያስከፍታል። ነገር ግን ልጁ ብር ያስገባበታል። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ቁማር ነው። እንቆቅልሽ ስትጫወት ስታስብ ትሻላለህ፤ ቁማር ላይ ብታስብም ባታስብም ቤቱ ያሸንፋል። ልጃችሁ ስልክ ሲይዝ ከሞባይል ሒሳባችሁ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ስለ ዓይንና ስለ እንቅልፍ ከመነጋገራችሁ በፊት መጀመሪያ የምትነጋገሩበት ይህ ይሁን።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ያዙ። ይህ ጨዋታ ያልቃል ወይ? ገንዘብ ይጠይቃል ወይ? ሲሸነፍ ልጁን ምን ያደርገዋል? ልጁ ራሱ ጎናችሁ ተቀምጦ ይመልስላችሁ። የምርመራ ሳይሆን የጨዋታ ድምፅ ይኑራችሁ።

እኛ ጋስ?

ጨዋታ መሥራት የፈረንጅ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ “ኩኩሉ” የተባለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 አውጥቷል፤ ከሚያሳድዳት የምትሮጥ ዶሮ ናት። ገበጣንም ለስልክ ሠርተዋል። እነዚህ በብራውዘር የሚከፈቱ ሳይሆኑ ስልክ ላይ የሚጫኑ ናቸው፤ ግን የእኛው ጨዋታ በእኛው ልጆች እጅ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ሮቤ ጎረቤታችን የሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር ልጅ አለ። በዕረፍቱ ጊዜ ቤት ተቀምጦ የቃል መገመቻ ጨዋታ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እየሠራ ነው። እናቱ ግን አልተደሰቱም። “ሲስተር፣ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክነው? ለጌም?” አሉኝ። አባቱ ደግሞ በአጨዳ ሰሞን ኮምባይነር ላይ ተቀምጦ ቢረዳቸው ይመርጡ ነበር። ገብቼ ምን እንደሚሠራ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

እንግሊዝኛው 26 ፊደል ነው ያለው፤ ቁልፎቹ ስልክ ላይ በሦስት መስመር ይደረደራሉ። የእኛ ፊደል ግን 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ይህ ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ አይደረደርም። ልጁ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን እንዲነኩ አደረገ። ፍንጩም እንደ እንግሊዝኛው ሊሆን አልቻለም። የተደበቀው ቃል “ሰላም” ነው እንበል፤ ተጫዋቹ “ሰሌን” ብሎ ገመተ። ሰ ልክ ነው፤ አረንጓዴ ይሁን። ን የለም፤ ግራጫ ይሁን። ሌ ግን ምን ትሁን? ከላ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ስሕተት ናት እንዳይባል ቤቷን አግኝቷል፣ ልክ ናት እንዳይባል ላ አይደለችም። ለዚህ አራተኛ ቀለም፣ ሰማያዊ፣ አስገባ። “ቤቱን አውቀሃል፣ ክፍሉን ስተሃል” ማለት ነው። ይህን ስትጫወት አንድ ልጅ ሳይታወቀው ሀሁን ያጠናል።

ከዚያ ሀ፣ ሐ፣ ኀ መጡ። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም አሉ። ዓይን በ“አ” ቢጻፍ ስሕተት ይባላል ወይ? ልጁ ሁለቱንም እንዲቀበል አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ የቆየውን አጻጻፍ እንዲያሳይ አደረገ። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጅ ሳይቀጣ ይማራል።

አፋን ኦሮሞው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ስለሚጻፍ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳቀና፣ “አኮ፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው” አለኝ። ዲና ኤች ተጣምረው አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሲና ኤችም፣ ኤንና ዋይም እንዲሁ። እንደ አንድ ይቆጠሩ ወይስ እንደ ሁለት? ደግሞም ድምፅ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል። “ለፈ” መሬት ነው፤ “ላፋ” ሲረዝም ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። አንዱ በአራት ፊደል፣ ሌላው በስድስት ይጻፋል። ማርዘሙን ያልለመደ ልጅ መሬትን ለስላሳ ያደርጋታል። ጨዋታው ይህንን ያስተምረዋል።

እንግዲህ እናቱ “ጌም” ያሉት ነገር ውስጡ ሲታይ የቋንቋ ትምህርት፣ የሒሳብና የትዕግሥት ሥራ ነው። አንዲት ትንሽ ስሕተት ጨዋታውን በሙሉ ታቆመዋለች፤ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚረዳው ማሰብ አለበት። ከሌላ ሰው ጫማ ውስጥ ገብቶ ማሰብ በሆስፒታልም ለብዙ ዓመት ስናስተምረው የኖርነው ነገር ነው።

አያቶች ምን ይሠራሉ?

ልጁ ኮዱን ይችላል፤ ቃላቱ ግን የሉትም። ከመዝገበ ቃላት የለቀማቸውን ዘርዝሮ አመጣልኝና ቡና እስኪፈላ እያነበበልኝ “ይህ ይታወቃል?” ይለኛል። አንዳንዱን እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱ አያውቀውም። አንዳንዱን እሱ ያውቀዋል፣ እኔ ሰምቼው አላውቅም። ሁለታችንም የምናውቀውን ለብቻ፣ እኔ ብቻ የማውቀውን ለብቻ አደረግን። ሁለተኛው ክምር “ከአያት ጋር የሚፈታ” ይባልልኝ አልኩት፤ እሱም ተቀበለ።

ይህ ሥራ የእኛ ነው፣ አያቶች። እንቆቅልሽ እኛው ዘንድ ነው ያለው። “እንቆቅልሽ” ሲባል “ምን አውቅልሽ” ብለን፣ ሲያቅተን “አገር ስጪኝ” ስንባል ጎንደርን ሰጥተን፣ ሐረርን ሰጥተን ያደግን ነን። በኦሮሞው ቤት ደግሞ ሂቦ አለ፤ እዚያም ያላወቀ አገር ይሰጣል። ገበጣውንም ተመልከቱ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 “ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር” መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ባወጡት ጥናት ሕጉ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ዘርዝረው አሳይተዋል። የእናንተ መንደር ሕግ ምናልባት ከእናንተ በቀር የሚያውቀው የለም። አንድ ወጣት ጨዋታ ሠሪ ይህን ጎግል ላይ አያገኘውም። ከእናንተ አፍ ነው የሚያገኘው።

ልጁ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ያረጀ ኮምፒውተርም ይበቃል። ኤችቲኤምኤል የሚባለው ገጹን እንደ ግድግዳ ያቆመዋል፤ ሲኤስኤስ ቀለም ይቀባዋል፤ ጃቫስክሪፕት የጨዋታውን ሕግ ያስፈጽማል። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ፤ ማስተማሪያቸውም እንዲሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው “የ5 ሚሊዮን ኮደሮች” ፕሮግራምም የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ትንሽ ጨዋታ ቪዲዮ ስለሌለው ዳታ ብዙ አይበላም፤ በርካሽ ስልክም ይከፈታል።

አንድ የምግባር ነገር ግን ከእኛ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የተባለ የ19 ዓመት ጣሊያናዊ “2048” የሚባለውን የቁጥር ጨዋታ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ሠርቶ በነጻ ለቀቀው፤ ሚሊዮኖች ተጫወቱት። ገጹ ላይ ግን ሐሳቡ ከሱ በፊት ከነበሩ ጨዋታዎች የመጣ መሆኑን ስማቸውን ጠርቶ ጽፏል። ከነዚያ አንዱን፣ “ትሪስ” የተባለውን፣ ሠሪዎቹ ከዓመት በላይ ደክመውበታል። ልጆቻችን ከሌላ ሰው ሥራ መነሣታቸው አይቀርም፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚማረው። የወሰዱበትን ሰው ስም መጥራት ግን ከቤት የሚማሩት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። የዋርድል ዕድል ከስንት ሺህ አንድ ነው። ብቻቸውን ጨዋታ የሚሠሩ አብዛኞቹ ሰዎች ከሱ እንጀራ አይበሉም። ለጎረቤቴ ልጅም ትምህርቱን እንዳይተው፣ በአጨዳም አባቱን እንዲያግዝ ነግሬዋለሁ። ለእናቱ ደግሞ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል አልኳቸው፤ እውነት ነው፣ አይበቃም። ነገር ግን ሳያቦካ ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ሲሆንም አያቦካም። ነገ ለጤና ጣቢያ የካርድ መዝገብ የሚሠራው፣ ለገበሬ የዋጋ መረጃ የሚያደርሰው ዛሬ በቃላት ጨዋታ እጁን ያፍታታው ልጅ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ከሙያዬ

ጨዋታው ጥሩ ቢሆንም ልክ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት አይቀመጥ ይላል። የአንድ ዓመት ልጅም እንዲሁ። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ቢያንስ ይሻላል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ስልክ ይህን ከነካ ስልኩ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ለዓይን ደግሞ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ መመልከት ጥሩ ልማድ ነው። ሠሪዎቹም ይህን አይርሱ፤ ኮድ የሚጽፍ ልጅ ከሚጫወተው ይበልጥ ያፈጣልና።

ጨዋታ ብዙ መውደድ ብቻውን በሽታ አይደለም። የጨዋታ ሱስ የሚባለው በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን መለያው ሦስት ነው። ልጁ ራሱን መግታት ያቅተዋል፤ ጨዋታውን ከምግብ፣ ከትምህርትና ከጓደኛ ያስቀድማል፤ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ይህም በአብዛኛው 12 ወር ያህል የዘለቀ ሲሆን ነው። ይህን ካያችሁ ልጁን አትደብድቡት፣ ስልኩንም ሰብራችሁ ጉዳዩ አለቀ አትበሉ። ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ከጨዋታው ጀርባ ጭንቀት ወይም ኀዘን ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንሞክር። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ስልክ ሲይዝ ከጎኑ ተቀመጡና “ይህን ማን ሠራው?” በሉት። ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉ። ከዚያም “አንተ ብትሠራው ምን ትለውጥበት ነበር?” ብላችሁ ጠይቁት። ለሚነግራችሁ መልስ ጆሮ ስጡት፤ ከዚያ እናንተ የምታውቁትን አንድ እንቆቅልሽ ስጡት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ለልጆቻችሁም ለእናንተም ጤና ይስጥልኝ።